«መድኃኒቱ ጉበት ይጨርሳል» ለምትሉኝ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። «እህቴ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉበት ይጨርሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» መጠየቁስ ጥሩ ነው። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ግማሹ ሰው ይህን የሚጠይቀኝ መድኃኒቱን ካቆመ በኋላ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያቆማል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ጉበት የሚጎዱ አሉ። ግን ሁሉም አይጎዱም፣ የሚጎዱትም ሁሉንም ሰው አይጎዱም። በወሬው ውስጥ ስማቸው በብዛት የሚነሳው ደግሞ ዛሬ አብዛኞቻችን የማንወስዳቸው የድሮዎቹ ናቸው። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች አለ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ሐኪም አይደለሁም። ጎንደር የምኖር፣ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ያለ፣ መድኃኒቱን ከኔቪራፒን ዘመን ጀምሮ የምውጥ ሴት ነኝ። አዲስ የሚጀምሩ ሰዎች አጠገብ ተቀምጬ ማውራት ከጀመርኩም ዓመታት አልፈዋል። ሰው ከሐኪም ክፍል ወጥቶ ኮሪደር ላይ የሚነግረኝን ሐኪሙ አይሰማውም። የምጽፈውም ባብዛኛው ያንን ነው።

ኔቪራፒንን ካነሳሁ ከሱ ልጀምር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ጥምረት ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ነበር። ከዚያ በፊት በገንዘብ ነበር፤ ያለው ገዝቶ ዋጠ፣ የሌለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። እናም በነጻ ሲመጣ ማን ስለ ጉበት ይጠይቃል? በሰው ትከሻ ተደግፎ የገባ ሰው ጥቂት ቆይቶ በእግሩ እየሄደ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ ያየ ሁሉ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ለመስማት ጆሮ አልነበረውም።

ኔቪራፒን ግን አመል ነበረው። የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት በቀን አንዴ 200 ሚሊግራም ብቻ ይሰጣል፣ ከዚያ ነው ወደ ሁለቴ የሚያድገው። እንዲህ ቀስ የሚባለው ሽፍታ እንዳይወጣ ነው፤ ሽፍታው ከወጣ ደግሞ መጠኑ አይጨመርም። የጉበቱ አደጋ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ሲሆን እስከ 18ኛው ሳምንት ድረስ ዓይን አይነቀልበትም። የሚገርመው ደግሞ በጣም የደከመውን ትቶ ደህና የሚመስለውን መምታቱ ነው። ሲዲ ፎራቸው፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሴሎቻቸው ቁጥር፣ ከ250 በላይ ሆኖ የጀመሩ ሴቶች ከዚያ በታች ሆነው ከጀመሩት ይልቅ 12 እጥፍ ለጉበት ችግር ይጋለጡ ነበር። ለወንዶች መስመሩ 400 ነው። አቅም ያለው የሰውነት መከላከያ መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲነሳበት ጉበቱም አብሮ ይመታል ተብሎ ነው የሚታሰበው።

እኔን የያዘኝ መጠኑ ወደ ሁለቴ ካደገ ብዙም ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ ምግብ ዘጋኝ። ሽሮ ሲንተከተክ ሽታው ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ከዚያ ድካም፣ ዝም ብሎ ተኝቶ የማይለቅ ድካም። ቀጥሎ ማሳከክ። ቢጫውን ያየችው እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ፣ እስኪ ወደ ፀሐዩ ዙሪ» አለች። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አደረገችው። ጥቂት አየች፣ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

«የወፍ በሽታ ነው።»

ለሷ ነገሩ አለቀ። የሌሊት ወፍ ሸንቶብኛል፣ ክንድ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ከአዘዞ ወዲያ ታውቃለች፣ ነገ በጠዋት መሄድ ነው።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ ይሆናል እኮ» አልኳት።

«መድኃኒቱማ እያዳነሽ ነው፣ ምን በደለሽና ስሙን ታጠፊያለሽ?»

እናቴ መድኃኒቱ ላይ ክፉ እንዳይወራበት ትፈልግ ነበር። እሱን ያገኘነው በለቅሶ ነውና አልፈርድባትም። እኔ ግን ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተሯ ገና ሳልቀመጥ የሽንቴን ቀለም ጠየቀችኝ፣ እንደ ጥቁር ሻይ ነበር። ደም ሰጠሁ፣ የጉበት ኢንዛይሞቹ ከልክ በላይ ወጥተዋል። ኔቪራፒን በዚያው ቀን ቆመ፣ ካርዴ ላይም በቀይ እስክሪብቶ ተጻፈ። በኔቪራፒን ጉበቱ የተጎዳ ሰው ተመልሶ እንዲሞክረው አይደረግም፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ጉበቴ እስኪረጋጋ ተጠበቀና በኤፋቪሬንዝ ተተካልኝ። ዓይኔም ቀስ በቀስ ነጣ። ክንዴ ሳይተኮስ ቀረ።

ኤፋቪሬንዝም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ሌሊት ሙሉ የሚያሳየውን ቅዠት የወሰዳችሁት ታውቁታላችሁ፣ እኔ ከሞቱ ዘመዶቼ ጋር ብዙ አውርቻለሁ። ጉበትም ይነካል። መድኃኒቱን ከሰውነት የሚያስወግደው ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል፣ እኛ ሀገር ደግሞ በዘሩ ቀስ ብሎ የሚያስወግደው ሰው ጥቂት አይደለም። አንድ ዓይነት ኪኒን ውጠን እኔ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ጎረቤቴ ደም ውስጥ ካለው እጅግ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። «እሷ ምንም ያልሆነችውን አንቺ ምን ሆነሽ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱት። ስታቩዲን ደግሞ ጉንጭ የሚያጎደጉድ፣ እግር የሚያቃጥል፣ ጉበት ላይ ስብ የሚከምር፣ አንዳንዴም ደምን በላክቲክ አሲድ የሚመርዝ መድኃኒት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ሀገራት ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ፣ ተተወም። ዛሬም «መድኃኒቱ ጉንጭ ይበላል» የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ስለሱ ነው። ወሬ ከመድኃኒቱ ይልቅ ዕድሜ አለው መሰለኝ።

አሁን አብዛኞቻችን የምንውጠው በአንድ ኪኒን ውስጥ ያሉ ሦስት መድኃኒቶችን ነው፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። በቀን አንዴ። ምግብ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ጾም ላይ ላላችሁ ሰበብ የለም። ዶሉቴግራቪርም አልፎ አልፎ ጉበት ይነካል፣ በተለይ ጉበት የሚያጠቁት ቫይረሶች፣ ሄፒታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ ያሉበትን ሰው። ግን ከኔቪራፒን ጋር አንድ ላይ የሚጠራ አይደለም።

እና እዚህ ላይ ረጋ በሉልኝ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አንድ የባጃጅ ሹፌር አውቃለሁ። ጎበዝ ልጅ፣ መድኃኒቱን ለዓመታት በአግባቡ የወሰደ፣ ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ። የኪኒን ዕቃውን እንኳ ባጃጁ ሲንገጫገጭ እንዳይንኳኳበት ጥጥ ጠቅጥቆበት ነበር የሚዞረው፣ የላዩን ወረቀት በጥፍሩ ልጦ። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየው። ጉበት፣ ጠባሳ፣ አስፈሪ ሙዚቃ። አቆመ። ለማንም አልተናገረም። ወራት ቆይቶ ሲመጣ ዓይኑ ቢጫ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ፊቱ የጠቆረ ሆኖ ነው።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«እህት ዓለም፣ ጉበቴን ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

ለካ ሄፒታይተስ ቢ ነበረበት። እኛ ዘንድ ሄፒታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም፣ ብዙው ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው አምስት በሽታ ከሚከላከለው ፔንታቫለንት ከተባለው ክትባት ጋር በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ በፊት የተወለድነው አላገኘነውም። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ደግሞ ኤች አይ ቪን ብቻ አይደለም የሚይዙት፣ ሄፒታይተስ ቢንም ይይዙታል። ሁለቱን ቫይረሶች በአንድ ኪኒን። በድንገት ስታቆሙት የሄፒታይተሱ ቫይረስ ሊያገረሽና ጉበትን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። ልጁ ጉበቱን ላሳርፍ ብሎ ያቆመው መድኃኒት ጉበቱን ሲጠብቅለት የኖረ መድኃኒት ነበር። ተርፏል፣ ተመስገን፣ መድኃኒቱንም ቀጥሏል። ባጃጁን ግን ሸጧታል፣ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ መንዳት አልቻለም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ወደ ቀጠሯችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ «ሄፒታይተስ ቢ ተመርምሬያለሁ ወይ? ካርዴ ላይ አለ?» ካለባችሁ መድኃኒት ሲቀየርላችሁም ቴኖፎቪሩ እንዳይወጣ ሐኪሙን አስታውሱት። ከሌለባችሁ ደግሞ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ማፈር የለም።

ሌላው ብዙ ጊዜ በኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሳበበው የቲቢ መድኃኒት ሥራ ነው። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድ፣ ሦስቱም ጉበት ላይ የሚያርፉ ናቸው። ቲቢ ሳይኖርብን ለመከላከያ የሚሰጠን አይሶናያዚድም ቢሆን። ቲቢ ይዞት ሁለቱን ሕክምና ጎን ለጎን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የትኛው እንዳደረገው ማወቅ ለሐኪምም ቀላል አይደለም። ጉበት የሚጎዱትን አቁሞ፣ አንድ በአንድ መልሶ ነው የሚለየው። ለቲቢ መድኃኒት ሐኪሞቹ የሚያዩት መስመር አለ፤ ኤኤልቲ የሚባለው ኢንዛይም ምልክት እያለ ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ፣ ምልክት ሳይኖር 5 እጥፍ ከደረሰ ይቆማል። ጣሪያው እንደ ላቦራቶሪው ቢለያይም 40 አካባቢ ነው። ስለዚህ ውጤታችሁ ላይ 52 ብታዩ እንቅልፍ አትጡ። ሰው 52 አይቶ ኑዛዜ ሲጽፍ አይቻለሁ። እና አንድ ነገር፣ ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን ከደም ቶሎ ስለሚያስወጣው በዚያ ጊዜ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ ይሆናል። ማታ የምትጨመረውን ኪኒን «ጉበቴ ይበዛበታል» ብላችሁ የምትደብቁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትደብቁ።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ወሬ ልምጣ።

ክፍል ውስጥ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «አልኮል ትጠጣለህ?» መልሱም «አልጠጣም»። ባለሙያው ጻፈ፣ አለቀ። ውጭ ወጥቶ ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነው። የማኅበር ጠላ ነበር። ሰርግ ነበር። ከደንቢያ ዘመድ ኮረፌ ይዞ መጥቶ ነበር። ብርድ ስለሆነ ማለዳ አንድ መለኪያ አረቄ፣ እሱ ደግሞ ለሆድ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም። ሰውየው አልዋሸም፣ በሱ ቤት አልኮል ማለት ቢራ ቤት ገብቶ መስከር ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጎንደር ውስጥ ስንት ሰርግ እንዳለ የሚያውቅ ባለሙያ «አልኮል ትጠጣለህ» ብሎ አይጠይቅም፤ «ጥርን እንዴት አሳለፍከው? የስንት ሰው ሰርግ በላህ?» ይላል። ያኔ ሁሉም ይዘረገፋል። እኔ በሰርግ ላይ አንድ ጣሳ ጠላ የቀመሰን ሰው አላስፈራራም። ግን በየማለዳው አረቄ እየወሰደ አይሶናያዚድ የሚውጥን ሰው ዝም ብዬ ማየት አልችልም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ጉበት ይገድላሉ።

ሥራ ሥሩስ? ይህንንማ ጭራሽ ማንም አይናገርም። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ እነዚህ በምግብ መጠን እስከሆኑ ድረስ ክፉ አይደሉም። እኔን የሚያስፈራኝ በጠርሙስ ተጨምቆ የሚመጣው ነው። ምን እንዳለበት የማይነገር፣ «ከጠጣሽ በኋላ ያስመልስሻል፣ ያ ነው በሽታው የሚወጣው» የሚባልለት። ለወፍ በሽታ እንዶድ የሚያጠጣም አለ። እንዶድ እኮ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ለዓለም ያሳዩበት ተክል ነው! ልብስ እጠቡበት እንጂ ለታመመ ጉበት አታጠጡት። ባህል አትናቁ የሚሉኝ አሉ። አልናቅኩም፣ እኔም በዳማከሴ ያደግኩ ነኝ። የምለው ግን የጠጣችሁትን ለሐኪሙ ንገሩት ነው። ያልነገራችሁትን ነገር ጥፋት መድኃኒቱ ይሸከመዋል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይቀየራል፣ ጠርሙሱ ግን ቤት ውስጥ አለ።

ጠበልን በተመለከተ ረጅም ክርክር አልፈልግም። እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል፣ ለእኔ ይበቃኛል። ጠበል ቦታ ስትሰነብቱ ኪኒናችሁ ከናንተ ጋር ይሰንብት።

የሚደበቀው ደግሞ በሌላ አቅጣጫም ነው። ብዙ ሰው ጎረቤት እንዳያየው ከሰፈሩ ርቆ ነው መድኃኒት የሚወስደው። የደባርቁ ጎንደር ይመጣል፣ የጎንደሩ ባሕር ዳር ይሄዳል። እሺ፣ ገባኝ። ግን ይኸው ሰው ቁርጠት ሲይዘው በሰፈሩ ያለ የግል ክሊኒክ ይገባና ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደሚወስድ አይናገርም። የማያውቀው ሐኪም የመሰለውን ያዝዛል። ለቆዳ ፈንገስ ተብሎ የሚዋጠው ኬቶኮናዞል ለምሳሌ በራሱ ጉበት የሚጎዳ ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን ከ8 ኪኒን በላይ በቀን፣ ያውም ጠጪ ሆኖ፣ ቀልድ አይደለም። ለጨጓራ የሚታኘከው አንታሲድና የብረት ኪኒን ደግሞ ጉበት ባይነኩም ዶሉቴግራቪር በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ ዶሉቴግራቪሩ ከነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጣል። አንድ ቃል ከተነፈሱ የሚፈታ ነገር ነው። የበሽታውን ስም ለመጥራት ከከበዳችሁ ኪኒኑን አውጥታችሁ አሳዩት፣ ሐኪም ያውቀዋል።

ሁሉም ቢጫ ዓይን ደግሞ የጉበት ጉዳት አይደለም። የመጀመሪያው አልሠራ ሲል የሚሰጠው ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ አታዛናቪር የምትወስዱ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ነገር ጉበት አጣርቶ እንዳያስወጣው ያዘገየዋል እንጂ ጉበቱን አቆሰለው ማለት አይደለም። ኢንዛይሞቹ ደህና ሆነው ዓይን ብቻ ቢጫ የሚሆንበት ብዙ ነው። ግን ይህን በመስታወት አይታችሁ ራሳችሁ አትወስኑ፣ የሚለየው ደም ነው። አንዲት ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ጥቁር መነጽር አድርጋ ነበር ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው። ሰው ፋሽን መሰለው። መድኃኒቱ እንዲቀየርላት ጠየቀች፣ ተቀየረላት። መልክም ምክንያት ነው፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

እኛ አካባቢ ብቻ የሚነሳ አንድ ጉዳይ ላክል። ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርዱ ልጆች አሉን። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ይተኛሉ፣ ከዋልካው ስንጥቅ የሚወጣው የአሸዋ ዝንብ ይነድፋቸዋል፣ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ይዘው ይመለሳሉ። ሆድ ያብጣል፣ ትኩሳት አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል። ቤተሰብ «ጉበቱ አበጠ፣ መድኃኒቱ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ያበጠው በግራ በኩል ያለው ጣፊያ ነው፣ ጉበትም አብሮ ሊያብጥ ይችላል። ኤች አይ ቪና ካላዛር አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። የድሮው የካላዛር መርፌ ስቲቦግሉኮኔት ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ከባድ ነበር፤ ልብን፣ ቆሽትን፣ ጉበትን ይነካል። አሁን በምሥራቅ አፍሪካ ሁለቱም ላለባቸው የሚመከረው ሊፖዞማል አምፎቴሪሲንና ሚልቴፎሲን አንድ ላይ ነው። ይህን ምክር የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው እዚሁ ጎንደርና አብደራፊ በተደረገ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። የኛ ልጆች አልጋ ላይ ተኝተው የሰጡት ደም ነው የሌላውን ሀገር መመሪያ የቀየረው፣ ይህን ስናገር ትንሽ እኮራለሁ። እና ልጃችሁ ከቆላ ሆዱ አብጦ ከመጣ «መድኃኒቱን ተው» አትበሉት፣ «ካላዛር ይመርመር» በሉ።

አንድ ቅሬታም አለኝ። በደህና ላይ ያለን ሰዎች አሁን የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጠናል። መድኃኒት ልወስድ ብሎ በየወሩ ከሥራ መቅረት ቀርቷል፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ ሕይወት አድኗል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልነካውም። ግን በስድስት ወር አንዴ የምንታይ ከሆነ ያቺ አንዷ ቀን ሙሉ ትሁን። እኔ ያጋጠመኝ ጊዜ አለ፤ የጉበት ምርመራ ታዞልኝ ላቦራቶሪ መስኮት ስደርስ «ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) የለም፣ ውጭ አሠሪ»። ውጭ ደግሞ ገንዘብ ነው። እኔ አሠራሁ፣ ከኋላዬ የቆመችው እናት ግን ወረቀቷን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሄደች። ያ ወረቀት ዛሬም ቋጠሮው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ምልክት የሌለበት ሰው ሁሉ በየጊዜው የጉበት ምርመራ ይሠራለት አልልም፣ መመሪያውም አይልም። ሄፒታይተስ ያለበት፣ የቲቢ መድኃኒት የጀመረ፣ የሚጠጣ፣ ምግብ ዘግቶት የሚያቅለሸልሸው፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ሰገራው የነጣ፣ ቀኝ ጎኑን ከጎድን በታች የሚያመው ሰው ግን «ውጭ አሠራ» ሊባል አይገባም። ቀጠሮው እስኪደርስም መጠበቅ የለበትም፣ ነገ በጠዋት ይሂድ።

ስለ ውፍረት ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም፣ ግን መጠየቅ ነበረባችሁ። ዶሉቴግራቪር ከጀመርን ወዲህ ብዙዎቻችን፣ በተለይ ሴቶች፣ ኪሎ ጨምረናል። ድሮ መክሳት ነበር የሚያጋልጠን፣ ስለዚህ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ስንባል እንደ ምሥክር ወረቀት ነው የምንቀበለው። እኔም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ሆድ ዕቃ ላይ የሚከመረው ስብ ጉበትም ላይ ይከመራል፣ ያውም ሳያም፣ ዓይን ሳያስቢጭ። ዛሬ ጉበታችንን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ስልክ ላይ የሚዞረው አስፈሪ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ ግን ስለሱ አያወራም። መፍትሔው አሰልቺ ስለሆነ ይሆናል። ከፒያሳ እስከ ማራኪ በእግር ሂዱ ቢባል ማን ያያል?

ይልቅ የሚሸጠው «የጉበት ማጽጃ» ነው። ባለፈው አንዲት ልጅ በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ ዱቄት ልካልኝ «ልግዛ ወይ?» አለችኝ። ፎቶው ላይ ቅጠል፣ ሎሚ፣ የሚያበራ ጉበት አለ። እኔው ራሴ ለሻጩ ጻፍኩለት።

«ሰላም ወንድሜ፣ ይህ ነገር የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ልትወስደው ትችላለች?»

«አዎ የኔ እህት ተፈጥሯዊ ነው ምንም ጉዳት የለውም። ሁለት ከወሰድሽ ቅናሽ እናደርጋለን፣ ጎንደር እናደርሳለን።»

«ውስጡ ምን ምን አለበት?»

«የተለያዩ ዕፅዋት።»

«የትኞቹ?»

አይቶታል፣ መልስ የለም። ትንሽ ቆይቼ «ጉበቷ ላይ ችግር ቢደርስ ማንን እናናግር?» ብዬ ጨመርኩበት። ብሎክ አደረገኝ። ልጅቷን ለዚያ ዱቄት ባሰበችው ገንዘብ የሄፒታይተስ ቢ ምርመራ እንድታሠራ ነገርኳት፣ ማክሰኞ እንሄዳለን ተባብለናል።